ግድግዳ ላይ የሰቀልነው ደብዳቤ

ጥቅምት 4

ዘጠኝ ኮሌታ ገለበጥኩ፤ ያለቀውን ፊት ወደ ውስጥ። አንዱ የመምህሩ ነው፤ ይህንኑ ሸሚዝ ሲያመጣው ሦስተኛ ጊዜው ነው። ኮሌታ ሁለት ፊት ብቻ እንዳለው እንዴት ልንገረው? ተቀበልኩት።

ከሰዓት በኋላ ምራቴ መጣች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ወረቀት ዘረጋችልኝ። መንግሥት አዲስ መመሪያ አውጥቷል… ተደራጅቶ ለመጣ ሰው የመሥሪያ ሼድ ይሰጣል፣ መብራትና ውሃ ያለው፣ የሦስት ዓመት ውል።

“እማማ፣ እዚህ ጠባብ ክፍል ውስጥ አልጋና መኪና አጋጭተው እስከ መቼ ነው?”

አልጋውና የስፌት መኪናው አይጋጩም። በመሐላቸው ወንበር አለ።

እርሷ የምትሠራበት ልብስ ፋብሪካ ከተዘጋ አምስት ወሩ ነው። ቤት መዋል አልሆነላትም። ልጄ በስልክ “እናቴ፣ እባክሽ የምትሠራው ነገር ፈልጊላት፤ ቁም ሣጥኑን ለአራተኛ ጊዜ አዛወረችው” ይለኛል።

ወረቀቱን አነበብኩት። ከላይ እስከ ታች፣ የማተሚያ ቤቱ ስም እስካለበት። ምራቴ ተቁነጠነጠች። እኔ ወረቀት ሳልጨርስ አላስቀምጥም።

ጥቅምት 6

ጽሕፈት ቤት ሄድን። መስኮት ሦስት። ባለሙያው ወጣት ነው፤ የኮቱ ክንድ ስፌት ለቋል። ልነግረው ነበር፣ ወረፋው ረጅም ነው።

“ስንት ናችሁ?”

“ሁለት።”

“አምስት መሆን አለባችሁ።”

“አራት ሰው ቢሠራስ?” አልኩት።

“አራት ሰው ኢንተርፕራይዝ አይደለም እናቴ።”

“ታዲያ ምንድን ነው?”

አሰበ። “አራት ሰው ነው” አለኝ።

ቀጥሎ የሥራ ዘርፍ ጠየቀ። ልብስ ጥገና አልኩ። ዝርዝሩን ፈለገ፤ ጥገና የሚለው ያለው ከኤሌክትሮኒክስ ጋር ነው። እዚያው ሊያስገባን እጁን ሲሰድ ምራቴ “ጨርቃ ጨርቅ ብለህ ጻፍ ወንድሜ፣ አታድርቀን” አለችው።

ከበስተጀርባው ግድግዳ ላይ ሥዕል አለ። ከታች ጥቃቅን፣ ከዚያ አነስተኛ፣ ከዚያ መካከለኛ፣ ሁሉም ወደ ላይ በሚወጣ ቀስት። እኛ ገና ቀስቱ አልነካንም።

ጥቅምት 9

ምራቴ አንድ። እኔ ሁለት። የምራቴ እህት ሦስት፤ ከዚያው ፋብሪካ ነው የወጣችው፣ ብዙ አታወራም፣ ምራቴ በሁለቱም ፈንታ ታወራለች።

አራተኛ ጋሼ ካውያ። መንገዱ መታጠፊያ ላይ በከሰል ካውያ ሲተኩስ ሃያ ዓመት አልፎታል። ቁጭ ብሎ አይቼው አላውቅም።

“ሼዱ ውስጥ ወንበር አለ?” አለን።

“ይኖራል” አለች ምራቴ።

“እንግዲያው ይቅርብኝ። አንዴ ከተቀመጥኩ ማን ያነሳኛል?”

ገባ ግን። ዝናቡ ነው ያሳመነው።

አምስተኛውን ስናስብ ምራቴ “ምን ያስጨንቃል? እትዬ አዝራር አለች አይደል!” አለች።

አዝራር ስሟ አይደለም። የአዝራር ቀዳዳ በእጅ ስለምትሠራ ነው ሰው እንዲህ የሚላት። ማሽን በደቂቃ የሚሠራውን እርሷ ሩብ ሰዓት ትሠራዋለች፤ የእርሷ ግን ሸሚዙ አልቆ ቀዳዳው ይቀራል። ሸሚዝ ሲመጣልኝ ሁልጊዜ ለእርሷ እልካለሁ። ምራቴ “ለምን ማሽን ቤት አይልኩም?” ብላ ጠይቃኝ ታውቃለች። ሰፈሯ ቅርብ ነው አልኳት። ማሽን ቤቱ ይቀርባል።

“አዝራር ዓይኗ ደክሟል” አልኩ።

ጥቅምት 10

የአዝራር ዓይን አልደከመም።

ጥቅምት 12

ራሷ መጣች። ምራቴ ሄዳ ነግራታለች።

“ዓይኗ ደክሟል ብለሻል አሉ።”

“ማለቴ… ሥራው ብዙ ነው…”

መርፌዬን ከመክተቻው ነቀለች። ክሩን በከንፈሯ አረጠበች። ዓይኗን ከእኔ ሳታነሳ ክሩን ሰካችው፣ በአንዴ። መርፌውን መልሳ አስቀመጠች።

“ጻፊኝ” አለችኝ።

ጻፍኳት።

ከዚህ በፊትም ከእርሷ ጋር ማኅበር ገብቼ አውቃለሁ። ስለ እሱ እዚህ ደብተር ላይ ጽፌ አላውቅም። ዛሬም አልጽፍም።

ጥቅምት 19

የሦስት ቀን ሥልጠና ዛሬ አለቀ። በመጨረሻ አሠልጣኟ ልጅ “ከአምስት ዓመት በኋላ ራሳችሁን የት ነው የምታዩት?” አለችን።

“በሕይወት ነው?” አለች አዝራር።

“በሥራ፣ በሥራ።”

“ቆሜ” አለ ጋሼ ካውያ።

ልጅቷ ሰሌዳው ላይ “መቆም” ብላ ጻፈች። ምን ታድርግ።

ሰብሳቢ ምረጡ ተባልን። አዝራር ትሁን ተባለ፤ እንደ ተነካ ሰው ዘለለች። “ሰብሳቢነትን አንዴ ቀምሼዋለሁ፣ ይበቃኛል።” ምራቴ ሆነች። ጸሐፊስ ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

“እማማ ናቸዋ! መድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን እንኳ ሳይጨርሱ የማያስቀምጡት።”

“አልችልም” አልኩ።

“ይሉኝታ ነው” ብላ ሳቀች ምራቴ።

አዝራር ግን “ኧረ በደንብ ትችላለች፤ እንዴት ያለ ጸሐፊ ነበረች መሰላችሁ” አለች። ደግ ቃል ነበር። ወጥቼ ውሃ ጠጣሁ። ስመለስ የምራቴን እህት መርጠዋል።

ጥቅምት 30

ዝናብ። ማንም አልመጣም። የተከራየሁትን መጽሐፍ ጨረስኩ። መጨረሻው ላይ ሁሉም ይቅር ይባባላሉ። ሁለት ገጽ ነው የፈጀባቸው።

ኅዳር 3

ለማጣራት አምስታችንም መስኮት ሦስት ቀረብን። ባለሙያው ኮምፒዩተሩን አየ። ደግሞ አየ።

“ከእናንተ መሐል መዝገብ ያለባት አለች።”

ጋሼ ካውያ “እኔ ሴት አይደለሁም” አለ።

የአዝራርን ሙሉ ስም ጠራ። “ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የሴቶች ስፌት ማኅበር ሰብሳቢ ነበሩ?”

“ነበርኩ።”

“ሰብሳቢዋ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፈርማ ተቀብላ ከአባላት በመደበቋ ሼዱ ተወስዷል ይላል።”

“አልደበቅኩም።”

“እንዲህ ነው የሚለው።”

“ግድግዳ ላይ ነው የሰቀልነው እኮ! ደግሞም የምስጋና ደብዳቤ ነው። ሌላ ደብዳቤ ካለ እኔ ጋ አልመጣም። ይቺ ምስክሬ ናት፣ ያነበበችልን እርሷ ናት…” ክንዴን ያዘች።

ቦርሳዬን ከፍቼ ዘጋሁት። ዚፑ ደህና ነው።

“አሥር ቀን አላችሁ” አለ ባለሙያው። “ወይ ማስረጃ ታመጣላችሁ፣ ወይ በሌላ ሰው ትተካላችሁ። ካለፈ ተራችሁ ለተከታዩ ይሰጣል።”

ከአዝራር ጋር ወጣን። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ “አየሽ፣ ወረቀት አይሞትም” አለችኝ።

ኅዳር 4

እንግዲህ ልጻፈው።

አሥራ ሁለት ሴቶች ነበርን። አንድ ሼድ፣ ስድስት የስፌት መኪና። ሰብሳቢ አዝራር፣ ጸሐፊ እኔ። ባሌ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበረ። “የጸሐፊ ሚስት አይደለች? ታነባለቻ!” አለች አንዷ፤ ሁሉም እጅ አወጡ። እኔም አወጣሁ። እንደ ሁሉም ሴቶች እኔም ፊደል አንድም አላውቅም ነበር። ያኔ አላውቅም ብል ምን ነበረበት? ምንም። ስቀው የሚያነብ ሰው ከውጭ ይፈልጉ ነበር።

ስብሰባውን በጭንቅላቴ ይዤ ቤት እገባለሁ፤ ባሌ ቃለ ጉባኤውን ይጽፈዋል፤ በማግስቱ ይዤ እመጣለሁ። እንዲህ ማድረጌ ለባሌ ቀልድ ይመስለው ነበር። ሴቶቹ “እጅ ጽሕፈትሽ ሲያምር” ይሉኛል። ያምር ነበር።

ባሌ ለአንድ ወር ሌላ ከተማ ለሥራ ተላከ። በሄደ በሳምንቱ ደብዳቤው መጣ። አዝራር አውራ ጣቷን አኑራ ተቀበለችና ለእኔ ሰጠችኝ። አሥራ አንድ ሴቶች ሥራቸውን አቁመው አዩኝ። መነጽሬን ረሳሁ ልል አስቤ ነበር፤ መነጽር እንደሌለኝ ያውቃሉ። ዓይኔን ከግራ ወደ ቀኝ አመላለስኩ። ገጹን ገለጥኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ትልቅ ክብ ማኅተም አለ። ይህን የሚያህል ማኅተም ያለበት ነገር ክፉ አይሆንም አልኩ በልቤ።

“መሥሪያ ቤቱ ስለ ሥራችን ያመሰግናል። በርቱ ይላል” አልኳቸው።

አጨበጨቡ። አንዷ ተነስታ ሳመችኝ። አዝራር ከአዲስ ቀሚሷ የተረፈውን ጨርቅ አምጥታ ጠርዙን ለበደችውና ከበሩ ትይዩ ሰቀለችው፣ የገባ ሰው ሁሉ እንዲያየው።

ደብዳቤው “በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቀርባችሁ ውል ካላደሳችሁ ሼዱ ለሌላ ይሰጣል” ነው የሚለው። አሥራ አምስቱን ቀን ከሥሩ ቁጭ ብለን ሰፋን።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን አንድ ሰውዬ ቁልፍ ይዞ መጣ። “በደብዳቤ ተነግሯችኋል” አለ። አዝራር “የምስጋናውን ነው?” አለችው። “የምን ምስጋና!” ከግድግዳው ነቅሎ ኪሱ ከተተው፣ ከነጨርቁ። ሴቶቹ ሌላ ደብዳቤ አለ ብለው ደመደሙ። ደብዳቤ የምትቀበለው አዝራር፤ ስለዚህ የደበቀችው አዝራር። ተደልላ ነው፣ ሸጣን ነው… ወደ እኔ መጥተው “አንቺ ጋ ሌላ ደብዳቤ ደርሶ ነበር?” አሉኝ። “እኔ ጋ የደረሰው ያ ብቻ ነው” አልኳቸው። ውሸት አልነበረም። ከዋሸሁት ሁሉ የከፋው እሱ ነው።

ባሌ ሲመለስ ለእሱም እንዲሁ አልኩት፤ የመጣው የምስጋና ብቻ ነው። አምኖኝ አቤቱታ ጻፈ፣ አባላቱ አልተነገራቸውም ብሎ። መልስ መጣ፣ ከደብዳቤው ቅጂ ጋር። ሰብሳቢዋ ፈርማ ተቀብላለች፤ አባላቱ ካልሰሙ የደበቀችው እርሷ ናት፣ ይላል። ባሌ ቅጂውን አነበበ። አየኝ። አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ አስገባው። በማግስቱ የሕፃናት የፊደል መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ትቶልኝ ሥራ ሄደ። ስለዚህ ነገር እስኪሞት ድረስ ትንፍሽ አላለም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ብቻዬን ተማርኩ፣ እሱ ሥራ ሲውል። መጀመሪያ አንብቤ የጨረስኩት ያንን ቅጂ ነው።

ኅዳር 5

መኪናዬን ዘይት ቀባሁ። አያስፈልጋትም ነበር።

ኅዳር 8

አምስታችንም እኔ ቤት ተሰበሰብን። አዝራር ገና ሳትቀመጥ “እኔ ልውጣላችሁ” አለች። “በእኔ የተነሳ ሼዱ አይቅርባችሁ። ለመድኩት።”

ምራቴ አዘነች። ግን ምራቴ ስታዝንም ጎን ለጎን ታስባለች። “ጸጉር ሠሪዬን ላናግራት?” አለች።

“መስፋት ትችላለች?” አለ ጋሼ ካውያ።

“መቀስ ትይዛለች።”

“ገበሬም ማጭድ ይይዛል።”

አዝራር ሳቀች። ስትወጣ በሩ ላይ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። “አንቺ ደግሞ ፊትሽን እንዲህ አታጥቁሪው፤ ያንቺ ጥፋት አይደለ።”

ኅዳር 11

ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጀመሪያው አራት ገጽ ሆነ፤ ሦስቱ ስለ ራሴ ነው፣ ምን ያህል እንደ ተጨነቅኩ። ቀደድኩት። ሁለተኛው አንድ ገጽ። ሦስተኛው ስድስት መስመር። የሆነው ነገር ለካ ስድስት መስመር ነው።

ነገ መጀመሪያ እርሷ ጋ ነው የምሄደው።

ኅዳር 12

ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የእኔን ሸሚዞች ትሠራለች። በርጩማ ሳበችልኝ። አልተቀመጥኩም።

ቅጂውን አውጥቼ አነበብኩላት። ሁለቱንም ገጽ፣ ከነቁጥሩ፣ ከነቀኑ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ “ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር” አልኳት።

የጀመረችውን ቀዳዳ ዞራ ጨረሰች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

“አጨብጭበን ነበር እኮ” አለች።

“አዎ።”

“እኔ ነኝ ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት።”

“አዎ።”

“ሌላው ደብዳቤ የት ሄዶ ይሆን እያልኩ… ፖስተኛውን ስንት ጊዜ ረገምኩት። ምስኪን ሰውዬ። ሞተ እኮ እሱ።”

ቅጂውን አጣጥፌ ያዝኩት።

“ልጄ አንድ ቀን ‘እማዬ፣ እውነት ሸጠሽዋል እንዴ?’ አለችኝ። ሠርጓ ሊደርስ ሲል። የባሏ ዘመዶች ሰምተው።”

ይህን አላውቅም ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያሰብኩት ነገር ብዙ ነው፤ ይህ ግን አልነበረበትም።

ሸሚዞቹን አጥፋ ከረጢቱ ውስጥ ከተተች። “ሦስቱ አልቀዋል። አራተኛው ሁለት ቀዳዳ ይቀረዋል። ሌላ ሰው ይጨርስልሽ።”

“አዝራር…”

“ስትወጪ የግቢውን በር ገፋ አድርጊው። ክፍት እየተውሽ ዶሮዎቹ ይወጡብኛል።”

ገፋ አደረግኩት።

ኅዳር 13

የአሥሩ ቀን መጨረሻ። መስኮት ሦስት። ስድስቱን መስመርና ቅጂውን ሰጠሁት።

ባለሙያው አነበበ። “ይህ ምንድን ነው?”

“ደብዳቤ።”

“እሱማ አያለሁ። ዓይነቱ ምንድን ነው? ማመልከቻ ነው? አቤቱታ ነው? ጥቆማ ነው?”

“ልዩነቱ ምንድን ነው?”

“ማመልከቻ ከሆነ የሚጠይቁት ነገር መኖር አለበት። አቤቱታ ከሆነ የበደለዎት ሰው። ጥቆማ ከሆነ በዳዩን ብቻ ነው የሚያሳውቁት።”

“ጥቆማ ይሁን።”

ቅጽ ሰጠኝ። የጠቋሚ ስም… ጻፍኩ። የተጠቋሚ ስም… ጻፍኩ።

“እናቴ፣ ስሙን ደገሙት።”

“አልተሳሳትኩም።”

“ጠቋሚው ከተጠቋሚው ጋር ያለው ዝምድና” ይላል። እዚህ ላይ ቆየሁ። “የቅርብ” ብዬ ጻፍኩ። “ጠቋሚው ማንነቱ እንዲደበቅ ይፈልጋል?” ይላል። “አይፈልግም” የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ።

ባለሙያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እርስዎ ከማኅበሩ ይወጣሉ እኮ። ለአምስት ዓመት አባል መሆን አይችሉም።”

“አውቃለሁ። መመሪያው ገጽ አሥራ አራት ላይ አለ።”

“መመሪያውን አንብበውታል?”

“አዎ።”

“ሙሉውን?”

ዞሮ አጠገቡ ላለው ባልደረባ ነገረው። ባልደረባው ከወንበሩ ብድግ ብሎ አየኝ።

ኅዳር 14

ለምራቴ ነገርኳት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

“እማማ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝም ብለው፣ ውሉ እስኪፈረም ሦስት ሳምንት መቆየት አቃተዎት?”

ልክ ናት። ግን ሦስት ሳምንት ብቆይ አዝራር ወጥታ ጸጉር ሠሪዋ ትገባ ነበር። አልኳት። አኮረፈች። ልጄ ደወለ። “ቁም ሣጥኑን ልታዛውረው ነው” አለኝ።

ኅዳር 24

ውሳኔው መጣ። አዝራር “ከተጠያቂነት ነጻ” ናት። እኔ አይደለሁም። ሁለቱም በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ማኅተም።

አሁን አራት ሰው ሆኑ። ጸጉር ሠሪዋ ገባች።

ኅዳር 28

የመምህሩን አዲስ ሸሚዝ የአዝራር ቀዳዳ ራሴ ሠራሁ። ሊወስድ መጥቶ አየው። “ተቀዶ ነው?” አለኝ።

ታኅሣሥ 3

ሼዱን ተረከቡ። አልሄድኩም። ጋሼ ካውያ ካውያውን ሊወስድ ሲመጣ ጎራ አለ።

“ቀይ ጨርቅ ተቆረጠ። ኃላፊው ንግግር አደረገ። ሁላችንንም ሞተር አለን፣ የዕድገት ሞተር። ደርቄ ቀረሁ።”

“ሰብሳቢዋ አሁንም ምራቴ ናት?”

“የለም፣ ምራትሽ ትእዛዝ ፍለጋ ልዙር ብላ ሰብሳቢነቱን ለቀቀች። እትዬ አዝራር ናት።”

“እሺ አለች?”

“መጀመሪያ እንቢ አለች። ቆይታ የመጣውን ወረቀት አንብቡልኝ አለች። አነበብንላት። ‘ከተጠያቂነት ነጻ’ የሚለው ጋ ስንደርስ ድገሙት አለች። ደገምነው። ጸጉር ሠሪዋም እስቲ አንቺም አንብቢው ተባለች። ሁላችንም አንድ ዓይነት ስናነብ ጊዜ እሺ አለች።”

ስለ እኔ አልጠየቅኩትም። እሱም ሳልጠይቀው “ምንም አላለችም” አለኝ።

ታኅሣሥ 11

ምራቴ መጣች። ከኩርፊያው በኋላ የመጀመሪያዋ ነው። ወንበሩ ላይ ሳይሆን አልጋው ላይ ቁጭ አለች፤ ጥሩ ምልክት ነው።

የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ትእዛዝ አግኝታለች፣ ሦስት መቶ ሸሚዝ። ገና ኮሌታው ላይ ቆመዋል። እርሷና እህቷ ፋብሪካ ውስጥ አንዷ ኪስ ብቻ፣ አንዷ እጅጌ ብቻ ነው የሰፉት፤ ኮሌታ የሌላ መስመር ሥራ ነበር። የጸጉር ሠሪዋ ኮሌታ የውሻ ጆሮ ይመስላል አለች። አንዱን አምጥታ አሳየችኝ። ውሻው የታመመ ነው።

“ስብሰባ አድርገን፣ ባለሙያ ሠራተኛ ይቀጠር ተባለ። የእርስዎን ስም አነሳሁ።”

“ከዚያስ?”

“ድምፅ ተሰጠ።”

“ሰብሳቢዋ ምን አለች?”

“ምንም አላለችም።”

“እጇስ?”

ምራቴ ጫማዋን አየች። “ሁላችንም ስናወጣ እርሷ ጨርቅ ታጥፍ ነበር። አጥፋ ስትጨርስ… አወጣች።”

ታኅሣሥ 13

መስኮት ሦስት። የሥራ ውሌን ለማስመዝገብ።

“እናቴ፣ እርስዎ ታግደው የለም እንዴ?” አለ ባለሙያው።

“የታገድኩት አባል ከመሆን ነው። ተቀጣሪ ከመሆን አይደለም። ገጽ አሥራ አምስት፣ ሁለተኛው አንቀጽ።”

አላየውም፤ አመነኝ። ቅጹን ሳብ አደረገ። “ከመቀጠርዎ በፊት ሥራ አጥ ነበሩ?”

“ኮሌታ እገለብጥ ነበር። አርባ ዓመት።”

“የተመዘገበ ነው?”

“አይ።”

“እንግዲያው ሥራ አጥ ነው የሚባለው።” ጻፈ። ፊቱ ፈካ። “ይገርምዎታል፣ ለሩብ ዓመቱ ዕቅድ የጎደለን አንድ ሰው ነበር። እርስዎ ሞሉልን።”

እንኳን ደስ አላችሁ አልኩት። ኮቱን አወለቀልኝ፤ ክንዱን እዚያው ወረፋው ፊት ጠቀምኩለት። ተከታዩ ሰውዬ “ይህም በመመሪያው አለ?” አለ።

ታኅሣሥ 15

የመጀመሪያ ቀን። መቀሴን፣ መርፌዬንና መነጽሬን ይዤ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ሼዶቹ ሁሉ አንድ መልክ ናቸው፤ አንድ ዓይነት ቆርቆሮ፣ አንድ ዓይነት በር። አናጺዎቹ ጋ ገባሁ። “እማማ፣ አልጋ ነው ቁም ሣጥን?” አሉኝ። ሥራ ነው አልኳቸው። ቀጥሎ ያለው ሳሙና ሠሪዎች ነበሩ።

ስደርስ ጋሼ ካውያ አቀርቅሮ ይተኩሳል፣ ቆሞ። ምራቴና እህቷ መኪና ላይ ናቸው። ጸጉር ሠሪዋ ክር ትቆርጣለች። አዝራር በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች፣ የሰዓት መቆጣጠሪያ ደብተሯ ፊቷ። ፊደል ስለማታውቅ በየስማችን ትይዩ ጭረት ነው የምታደርገው፤ በሰዓቱ ለመጣ ሙሉ፣ ለዘገየ ግማሽ። የእኔ ስም መጨረሻ ላይ ተጽፏል።

የግድግዳውን ሰዓት አየች። ከዚያ እኔን አየች። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

“አረፈድሽ” አለችኝ።

ከኅዳር 12 ወዲህ ያናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ነው።

“ሼዱ ጠፋኝ።”

“ነገ አይጠፋሽም።”

ግማሽ ጭረት አደረገች። ከዚያ በእስክሪብቶዋ በመስኮቱ በኩል ያለችውን መኪና አሳየችኝ። ብርሃን ያለባት እርሷ ናት፤ ሁሉም የሚፈልጓት ትመስላለች። ማንም አልተቀመጠባትም ነበር።

እስክንወጣ ኮሌታ ሰፋሁ።

የሚገባው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ነገ በአንድ ሰዓት ከቤት እወጣለሁ።